ቆሽት ሲያርር

አማርኛ ስሜትን ከሆድ ዕቃ ጋር ያቆራኘ ቋንቋ ነው። የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። የፈራ «ሐሞቴ ፈሰሰ»፣ ያዘነ «አንጀቴ ተላወሰ»፣ የልቡ የደረሰለት «አንጀቴ ራሰ» ይላል። ጀግናውን «ሐሞተ ኮስታራ» ብለን እናሞግሳለን፤ ዕንባው የሚቀርበውን «ሆደ ቡቡ»፣ ታጋሹን «ሆደ ሰፊ» እንላለን። ራስ ቅል በዚህ መዝገብ ውስጥ ብዙም ስፍራ አልተሰጠውም።

ትምህርት ቤት ስንገባ ስሜት የአንጎል ሥራ መሆኑ ይነገረንና ይህን ሁሉ አነጋገር ከተረትና ምሳሌው ጎን እናስቀምጠዋለን። ነገር ግን ሳይንሱ ራሱ ከራስ ቅል ወርዶ ወደ ሆድ ዕቃ የገባበት ዘመን ነበረ፤ የገባውም፣ ነገሩ ሲገርም፣ በቆሽት በኩል ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚያን መንገድ ታሪክ ነው። አንድ ጥያቄም ይዤ እጓዛለሁ፤ ዕጢ ሰውን ያዛል ወይስ የሰው ኑሮ ዕጢን ያዛል? (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በጃንዋሪ 1902 በለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአንድ ውሻ ላይ ሙከራ ያደርጉ ነበር። ሁለቱ በጋብቻ የተዛመዱ ናቸው፤ ቤይሊስ የስታርሊንግን እኅት አግብቷል። ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል። ምግብ ከጨጓራ ወደ ቀጭኑ አንጀት ሲወርድ፣ ቆሽት ፈሳሹን እንዲያመነጭ ማን ይነግረዋል? የዘመኑ መልስ «ነርቭ ነው» የሚል ነበር፤ የዚህ አስተሳሰብ አውራም የሴንት ፒተርስበርጉ ኢቫን ፓቭሎቭ ነበር። ሁለቱ እንግሊዛውያን ከአንጀቱ ጋር የተያያዙትን ነርቮች ቆርጠው አሲድ ጨመሩበት። ቆሽቱ እንደ ወትሮው አመነጨ። ከዚያም የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ፍቀው፣ ከአሸዋና ከአሲድ ጋር ደቁሰው፣ አጥልለው በውሻው ደም ሥር ወጉት። ቆሽቱ አሁንም አመነጨ። መልእክቱ የሄደው በደም ተሳፍሮ ነበር። ስታርሊንግ በ1905 ባደረገው ንግግር ለዚህ ዓይነቱ መልእክተኛ «ሆርሞን» የሚል ስም ሰጠው፤ ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «አነሣሣለሁ» ማለት ነው። ፓቭሎቭም የገዛ ላቦራቶሪው ሙከራውን ደግሞ ያንኑ ባገኘ ጊዜ እውነቱን ተቀበለ።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩን የኛ ገበሬ ድሮም ያውቀዋል። ወይፈን ሲኮላሽ ቁጣው በርዶ ለቀንበር እንደሚመች፣ የተቀጠቀጠ በግ ሙክት ሆኖ እንደሚሰባ ለመረዳት ላቦራቶሪ አላስፈለገውም። ያልታወቀው፣ ከታች የጠፋው ነገር በምን መንገድ እስከ ጠባይ ድረስ እንደሚዘልቅ ነበር። በ1849 በጀርመን አገር በጎቲንገን ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ መምህር በ6 ለጋ አውራ ዶሮዎች ሞከረው። የዘር ፍሬያቸው ጨርሶ የወጣባቸው ጠብ ትተው፣ ጩኸታቸው ደክሞ፣ በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቶ ቀሩ። ፍሬው ወጥቶ ሆዳቸው ውስጥ በሌላ ስፍራ የተተከለላቸው ግን እንደ አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተዋጉ፣ እንስቶቹን አሳደዱ። በርትሆልድ ዶሮዎቹን ከፍቶ ሲያይ የተተከለው ፍሬ የደም ሥር አብቅሏል፤ የቀድሞው ነርቭ ግን አልተቀጠለም። እንግዲህ ተጽዕኖው የሚያልፈው በደም ነው ብሎ ጻፈ። ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ጽሑፉን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1855 የለንደኑ የጋይ ሆስፒታል ሐኪም ቶማስ አዲሰን 11 ሕሙማንን የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ። ሰዎቹ እያደር አቅማቸው የከዳቸው፣ ምግብ ያስጠላቸው፣ ቆዳቸው እየጠቆረ የሄደ ነበሩ። አስከሬናቸው ሲመረመር፣ ከሁለቱ ኩላሊቶች በላይ እንደ ቆብ የተደፉት ትናንሽ ዕጢዎች ተበላሽተው ተገኙ። አድሬናል የምንላቸው እነዚህን ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሞሪሸስ የተወለደው ሻርል ኤድዋርድ ብራውን-ሴካር ዕጢዎቹን ከእንስሳት ላይ አወጣና እንስሳቱ እንደሚሞቱ አሳየ።

እኔ የአዲሰን ሕሙማን ዘንድ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤታችን ቢሆን ምን እንለው ነበር? ሰነፍ፣ ወኔ ቢስ፣ ሐሞቱ የፈሰሰ። የታይሮይድ ዕጢ ታሪክም ከዚሁ ወገን ነው። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ የኒውካስል ሐኪም፣ ይህ የአንገት ዕጢዋ ሥራ ያቆመባትን፣ ፊቷ ያበጠ፣ ንግግሯ የተጎተተ የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ በተዘጋጀ ጭማቂ ያክማት ጀመር። ሴትዮዋ ነቃች፤ 28 ዓመት ኖራ በ1919 ሞተች። በኛም አገር በደጋው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እስኪባል ድረስ እንቅርት የተለመደ ነገር ነበር፤ መንሥኤው በአብዛኛው አዮዲን ያነሰው አፈርና ውኃ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2011 ነው። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን በጣም ካነሳት የልጇ አእምሮ ይጎዳል። ከዚያ በፊት በነበሩት ትውልዶች ስንቱ ልጅ «ደንቆሮ» እየተባለ በአለንጋ ተገርፎ ይሆን?

ስለዚህ የዕጢ ነገር ሲገለጥ ብዙዎች «ሰው ማለት ዕጢው ነው» ወደ ማለት ቢያዘነብሉ አይፈረድባቸውም። ብራውን-ሴካር ራሱ በጁን 1889፣ በ72 ዓመቱ፣ ፓሪስ ላይ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን እንደወጋና የጉልበቱ ዘመን እንደተመለሰለት ተናገረ። ነገሩ ባሕር ተሻግሮ ተወራ፤ ፈሳሹን የሚሸጡም በዙ። የፍሬው ሆርሞን በውኃ እምብዛም ስለማይሟሟ በዚያ ብልቃጥ ውስጥ የነበረው ኢምንት ነው። ሽማግሌውን ያበረታው ተስፋው መሆን አለበት። ይህም ቢሆን ስለ ሰውነት የሚናገረው አለ፤ ግን ወደ ዋናው ሰው ልለፍ።

ዋልተር ካነን በ1890ዎቹ መጨረሻ ገና የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ አዲስ የተገኘውን ኤክስሬይ የእንስሳትን ጨጓራ ለማየት ይጠቀምበት ነበር። ድመቶቹን ቢስመዝ የተባለ ማዕድን የተቀላቀለበት ምግብ ያበላና የጨጓራውን እንቅስቃሴ እንደ ጥላ ይመለከታል። አንዳንዴ ግን እንቅስቃሴው በድንገት ቀጥ ይላል። ይህ የሚሆነው ድመቷ ስትፈራ ወይም ስትቆጣ መሆኑን አስተዋለ፤ ስትረጋጋ ጨጓራዋ ሥራውን ይቀጥላል። ሌላ ሰው ቢሆን ሙከራዬ ተበላሸ ብሎ ድመት በለወጠ። ካነን የተበላሸውን ነገር ራሱን ማጥናት ጀመረ።

በ1911 ከሥራ ባልደረባው ከደ ላ ፓዝ ጋር፣ ድመቷ ከመደንገጧ በፊትና ውሻ ከጮኸባት በኋላ ከአድሬናል ዕጢ አቅራቢያ ደም ቀዱ። በተረጋጋችው ድመት ደም ውስጥ የተነከረ የአንጀት ቁራጭ መኮማተሩን ቀጠለ፤ በደነገጠችው ደም ውስጥ የተነከረው ግን ልል አለ። ልዩነቱን ያመጣው ጆኪቺ ታካሚኔ የተባለው ጃፓናዊ ከ10 ዓመት በፊት አጥርቶ ያወጣው አድሬናሊን ነው። ካነን በ1915 ስለ ሕመም፣ ረሃብ፣ ፍርሃትና ቁጣ ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን አሰባስቦ አቀረበው። አድሬናሊን ሲለቀቅ ልብ ይፈጥናል፤ ጉበት ስኳሩን ወደ ደም ያወጣል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ተነሥቶ ወደ ጡንቻ ይሮጣል፤ አፍ ይደርቃል። አካል ወይ ለመዋጋት ወይ ለመሸሽ ይሰናዳል። ፍርሃት የያዘው ሰው እህል አልወርድ የሚለው ለዚህ ነው።

ከመጽሐፉ አንድ ማስረጃ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የ1913ቱ የመጨረሻና ብርቱ ግጥሚያ እንዳለቀ፣ ካነን የሃርቫርድን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን 25 ልጆች ሽንት አስመረመረ። በ12ቱ ሽንት ውስጥ ስኳር ተገኘ። ከ12ቱ አምስቱ ተጠባባቂዎች ነበሩ፤ ሜዳ አልገቡም፤ ከወንበር አልተነሡም።

የዛሬው ዕውቀት በዚህ ላይ ሁለተኛ መንገድ ጨምሮበታል። አድሬናሊን የሰከንዶች ነገር ነው። ከእርሱ ኋላ የሚመጣው ኮርቲሶል በደቂቃዎች ተነሥቶ ለሰዓታት ይቆያል። ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ ትእዛዝ ይልካል፤ ፒቱታሪ በደም በኩል የአድሬናልን ቅርፊት ይቀሰቅሳል፤ ቅርፊቱ ኮርቲሶልን ያፈልቃል፤ ኮርቲሶልም ተመልሶ አንጎልን «በቃህ» ይለዋል። የመጀመሪያውን ትእዛዝ አስተላላፊ ኬሚካል ዋይሊ ቬል የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1981 ለይቶ ለማውጣት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ በጎች ሃይፖታላመስ አስፈልጎታል። ኮርቲሶል ለአጭር ጊዜ ሲመጣ ነፍስ ያድናል። ሳይቋረጥ ሲፈስ ግን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል።

ታዲያ ስሜት ማለት በደም ውስጥ የፈሰሰ አድሬናሊን ነው? ስፔናዊው ሐኪም ግሬጎሪዮ ማራኞን በ1924 ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር አሳተመ። 210 ሰዎችን አድሬናሊን ወግቶ የሚሰማቸውን ጠየቃቸው። 71 በመቶዎቹ የልብ ምትና መንቀጥቀጥ እንጂ ሌላ አልተሰማንም አሉ። ከቀሩት ብዙዎቹ መልሳቸው እንግዳ ነበር፤ «የፈራሁ ያህል»፣ «ላለቅስ የደረስኩ ያህል» አሉ እንጂ ፈራሁ ወይም አዘንኩ አላሉም። እውነተኛ ስሜት የመጣባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ለምሳሌ አስቀድሞ ስለ ታመመ ልጃቸው ወይም ስለ ሞቱ ወላጆቻቸው የተነጋገሩት። ዕጢው ከበሮውን ይመታል፤ ዘፈኑ የሐዘን ይሁን የሠርግ የሚወስነው የሰውየው ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ሃንስ ሴሊዬ እንምጣ። በ1907 ቪየና የተወለደው ሴሊዬ በ1920ዎቹ አጋማሽ ፕራግ ውስጥ የሕክምና ተማሪ ነበር። ፕሮፌሰሩ የተለያየ በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን እያስገባ ልዩ ልዩ ምልክታቸውን ሲያሳይ፣ ወጣቱ የታየው የሁሉም አንድነት ነበር፤ ሁሉም ከስተዋል፣ ሁሉም ደክመዋል፣ ሁሉም ታመው ይታያሉ። ለዚህ «መታመም ብቻ» ለሆነ ነገር ስም አልነበረውም። ከዓመታት በኋላ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አዲስ ሆርሞን አገኝ ብሎ የላም ኦቫሪ ጭማቂ አይጦችን ወጋ። አይጦቹ ሲከፈቱ አድሬናላቸው አብጧል፣ የመከላከያ ዕጢያቸው ታይመስ ኮስሷል፣ ጨጓራቸው ቆስሏል። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ ሌላም ጭማቂ፣ መርዛማው ፎርማሊንም ሳይቀር፣ ያንኑ ሦስት ምልክት አመጣ። ብርድም፣ ቁስልም፣ ከአቅም በላይ ሩጫም እንዲሁ። አዲሱ ሆርሞን ሲጠፋበት የፕራጉ ጥያቄ መልስ ያገኘ መሰለው። በጁላይ 4 ቀን 1936 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤ አወጣ።

ኋላ «ስትረስ» የሚለውን ቃል ለዓለም ያሠራጨው ሴሊዬ ነው። ቃሉ የመሐንዲሶች ነበር፤ ድልድይን የሚጫነውን ኃይል ያመለክታል። ሴሊዬ ግን በጫናው ሥር ያለው አካል የሚሆነውን ነው የፈለገው፤ እንግሊዝኛዬ ያኔ ቢበረታ ሌላ ቃል እመርጥ ነበር ብሏል። አማርኛ ከእርሱ ይልቅ ዕድለኛ ይመስለኛል። «ጭንቀት» መውጫ ያጣ ሰው መጥበብ ነው። «ውጥረት» ደግሞ በከበሮ ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው፤ ሴሊዬ ይፈልገው የነበረው ይህን ይመስለኛል።

ሆኖም ሴሊዬ አንድ ነገር አምልጦታል፤ ለእርሱ ብርድም ረሃብም ድንጋጤም እኩል ነበሩ። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ጆን ሜሰን ጦጣዎችን ያለ ምግብ አቆያቸው። ጓደኞቻቸው ሲበሉ እያዩ ሲራቡ የአድሬናል ሆርሞናቸው ጨመረ። ብቻቸውን ሆነው የምግብ ጣዕም ብቻ ያለው፣ የማያጠግብ ነገር ሲሰጣቸው ግን ሆድ እኩል ባዶ ሆኖ ሳለ ሆርሞኑ አልተነሣም። ጾም የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ብዙ የሚደነቅ አይመስለኝም። ሁዳዴን ወድዶ የሚጾምና ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው አንድ ዓይነት ሆድ ይዘው አንድ ዓይነት ሌሊት አያድሩም።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ደስ አይልም፤ ግን ማለፍ አይገባም። ሴሊዬ በ1958 ለአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ ገንዘብ ጠይቆ ተከለከለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ኢንዱስትሪው ወዳጁ ሆነ፤ ለምርምሩም ገንዘብ ሰጠው። በ1969 ሴሊዬ በካናዳ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ማጨስ ለአንዳንዶች ጭንቀትን ማርገቢያ እንደሚሆን ተከራከረ። ሁለት ተመራማሪዎች የኩባንያዎቹን የውስጥ ሰነዶች መርምረው ግንኙነቱን በዝርዝር ያሳተሙት በ2011፣ እርሱ ከሞተ ከ29 ዓመት በኋላ ነው። ለትምባሆ ሻጩ «የሚገድልህ ጭንቀትህ ነው» የሚል ሊቅ ወርቅ ነው፤ የልብ ድካም የጠባይህ ጣጣ ሆኖ ይቀርና ሲጋራው ነጻ ይወጣል። በአዲሰን ሕሙማን ላይ «ሰነፍ» የሚለው ቃል የሠራውን ሥራ፣ እዚህ «ስትረስ» የሚለው ቃል ሠራው።

ጭንቀት ከሰውየው ጠባይ ብቻ የሚመነጭ ቢሆን የሹመት ደረጃ ባልተከተለ ነበር። ከ1967 ጀምሮ ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ የሠሩበት ጥናት ወደ 18,000 የሚጠጉ የለንደን መንግሥት ሠራተኞችን ተከታተለ። በ1978 በወጣው ውጤት፣ ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች በልብ ድካም የሚሞቱት ከከፍተኛ ሹማምንቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ትምባሆና የደም ግፊት ተቆጥረው ከተቀነሱ በኋላም ከልዩነቱ አብዛኛው ሳይፈታ ቀረ። የልዩነቱ ምሥጢር በሆርሞን በኩል ያልፍ እንደሆነ ሰውን በላቦራቶሪ አስሮ ማየት አይቻልም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ግን ዝንጀሮዎች አሉ።

ሮበርት ሳፖልስኪ ከ1978 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በየበጋው ወደ ማሳይ ማራ እየሄደ፣ ዝንጀሮዎችን በሚያፈዝ ቀስት ወግቶ ደማቸውን ይቀዳ ነበር። ዝንጀሮ በቀን ለጥቂት ሰዓት ይመገባል፤ የተረፈውን ጊዜ እርስ በርሱ ይጨካከናል። ሥርዓቱ በተደላደለ መንጋ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚመታው የበታች ወንድ የኮርቲሶሉ መጠን ከአለቆቹ ይልቅ ከፍ ያለ ነው። አለቅነቱ ራሱ አጠያያቂ በሆነበት ጊዜ ግን ከፍ የሚለው የአለቆቹ ነው። ዕጢው ሰንጠረዡን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ሰንጠረዡን አይሠራም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳፖልስኪ ከሚከታተላቸው መንጋዎች አንዱ መዓት ወረደበት። በአቅራቢያው የነበረ የቱሪስቶች ማረፊያ ትራፊ ምግብ ይጥል ነበር። ያንን ለመብላት ከሌላ መንጋ ጋር መዋጋት ስለሚያስፈልግ፣ በየማለዳው የሚሄዱት የመንጋው ጉልበተኛ ወንዶች ነበሩ። ከትራፊው ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ የተበከለ ሥጋ ነበረበትና እነዚያ ወንዶች አለቁ። የቀሩት ለዘብተኞቹ ወንዶችና እንስቶቹ ናቸው። መንጋው ተለወጠ፤ እርስ በርስ መተሻሸቱ በዛ፣ አለቆች ከበታቾቻቸው ላይ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ወንድ ዝንጀሮ ሲያድግ ከተወለደበት መንጋ ወጥቶ ወደ ሌላ ይገባል። በ1993 ከዚያ ዘመን ወንዶች አንድም በመንጋው ውስጥ አልቀረም፤ ያሉት በሙሉ ሌላ ቦታ ያደጉ፣ የመማታት ልማድ ይዘው የመጡ ነበሩ። ሳፖልስኪና ባለቤቱ ሊሳ ሼር በ2004 እንዳሳተሙት፣ የመንጋው እንስቶች መጤውን ከሌላ ስፍራ ይልቅ ቶሎ አስጠግተው ቅማሉን ይለቅሙለት ነበር፤ መጤውም በጥቂት ወራት ውስጥ የመንጋውን ጠባይ ይይዛል። የበታቾቹም ደም ሲመረመር፣ በሌሎች መንጋዎች የበታች ላይ ሳይታጣ ይታይ የነበረው የጭንቀት ምልክት አልተገኘበትም።